ከፖስታ ቤት እስከ አማዞን፦ የእንግሊዝን ሬዲዮ በር የሚጠብቀው ማን ነው?

(ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በመካከለኛው እንግሊዝ ድሮይትዊች የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ሲሉ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ምሰሶዎች ይታያሉ። ከ1934 ጀምሮ የቢቢሲ ረጅም ሞገድ ሲወጣ የኖረው ከዚያ ነው። ማሰራጫው የሚሠራው በትልልቅ የመስታወት ቫልቮች ሲሆን እነሱን የሚያመርት ከጠፋ ቆይቷል። በእጅ ያለው መለዋወጫ ካለቀ አለቀ። ቢቢሲም ይህን አይቶ ረጅም ሞገዱን ለመዝጋት ከወሰነ ሰነባብቷል። በ2024 እዚያ ላይ ለብቻቸው ይተላለፉ የነበሩትን ፕሮግራሞች አቁሞ፣ ሌላው የሬዲዮ 4 (የቢቢሲ የዜናና የንግግር ጣቢያ) አድማጭ የሚሰማውን ብቻ እንዲያስተላልፍ አደረገው።

ጉዱ ያለው መዝጋቱን ያዘገየው ነገር ላይ ነው። የመብራት ቆጣሪ! በ1980ዎቹ የእንግሊዝ ኤሌክትሪክ ድርጅቶች አንድ ብልሃት ዘየዱ። ከሬዲዮው ድምፅ ጋር ጆሮ የማይሰማው ምልክት አብሮ ይላካል፤ ቤት ያለው ቆጣሪ ምልክቱን ተቀብሎ ራሱን ወደ ርካሹ የሌሊት ታሪፍ ይቀይራል፣ ማሞቂያውንም ያበራል። በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ሌሊት የሚሞቁት በሬዲዮ 4 ሞገድ ነበር ማለት ነው። ቆጣሪዎቹን ቀይሮ ለመጨረስ እስከ ጁን 30 ቀን 2025 ቀነ ገደብ ተቆረጠ። ቀኑ ሲደርስ ግን ያልተቀየረው ብዙ ስለነበር፣ በአንድ ቀን ማጥፋቱ ቀርቶ ቀስ በቀስ ይሁን ተባለ።

እንግዲህ ወሬው ሁሉ ስለ አሮጌ አንቴና ሆኗል። አንቴናው ይዘጋ፣ እኔ ጠብ የለኝም። የእንግሊዝ ሬዲዮን የመቶ ዓመት ታሪክ ያየ ሰው ግን ጠቡ ሁልጊዜ በሩ ላይ እንደነበር ይገባዋል። ማን ይገባል? ማን ይከለከላል? ሂሳቡን ማን ይከፍላል? ዛሬም በሩ እጅ እየቀየረ ነው፣ በማን እጅ እንደሚገባ የሚጠይቀው ግን ጥቂት ነው።

የመጀመሪያው በር ጠባቂ ፖስታ ቤት ነበር። በሕግ ሽቦ አልባ ግንኙነት በሱ ሥር ስለሆነ ያለ እሱ ፈቃድ ማንም ማሰራጨት አይችልም። በጁን 1920 የማርኮኒ ኩባንያ ቼልምስፎርድ ባለው ፋብሪካው ውስጥ የኦፔራዋን ዝነኛ ኔሊ ሜልባን ማይክሮፎን ፊት አቆማት። ወጪውን የቻለው ዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ነው። ዘፈኑ ከአገር አልፎ አውሮፓ ድረስ ተሰማ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ፖስታ ቤቱ ጨዋታው ቁም ነገር ያለውን ግንኙነት እያወከ ነው በሚል አስቆመው። ቁም ነገር የተባለው የጦሩና የመሳሰለው መልእክት ነው። ዘፈን ከቁም ነገር አልተቆጠረም።

በሩ ገርበብ ያለው በፌብሩዋሪ 1922 ነው። ሪትል በምትባል መንደር፣ ከጦሩ በተረፈች የእንጨት ጎጆ ውስጥ፣ ፒተር ኤከርስሊ የሚባል የማርኮኒ መሐንዲስ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ለግማሽ ሰዓት እንዲያሰራጭ ተፈቀደለት። ሰውየው ቀልደኛ ነው። ሸክላ ማጫወት ሲሰለቸው ራሱ ይዘፍናል፣ ያላግጣል፣ የኦፔራ ዘፋኞችን እየቀዳ አድማጩን ያስቃል። ይህ ሰው በኋላ የቢቢሲ የመጀመሪያው ዋና መሐንዲስ ሆነ። በ1929 ደግሞ ሚስቱን ፈታ ተብሎ ከሥራው ለቀቀ። አዎ፣ በፍቺ። ለምን እንደሆነ ወዲያው ይገባችኋል።

ወደ 1922 እንመለስ፤ በዚያ ዓመት በኦክቶበር ቢቢሲ ተቋቋመ። ያኔ የሕዝብ ተቋም አልነበረም፣ የነጋዴዎች ኩባንያ ነው። ማርኮኒን ጨምሮ ሬዲዮ የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዕቃቸውን ለመሸጥ የሚደመጥ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር። ፖስታ ቤቱ ደግሞ የአሜሪካን ግርግር አይቶ ፈርቷል፤ እዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጣቢያዎች አየሩ ላይ ተጨናንቀው እርስ በርስ እየተደነቃቀፉ ነበር። ስለዚህ «ሁላችሁም ተሰብስባችሁ አንድ ኩባንያ ሁኑ፣ ፈቃዱን ለዚያ እሰጣለሁ» የሚል ስምምነት ላይ ተደረሰ። ሬዲዮ ያለው ሰው በዓመት 10 ሽልንግ ፈቃድ ይቆርጣል፣ ግማሹ ለኩባንያው ይሄዳል። ማስታወቂያ የለም። ዛሬ ብዙዎች እንደ ቅዱስ መርህ የሚያወሩለት የቢቢሲ አከፋፈል ሲወለድ የፋብሪካዎች ጥቅምና የአንድ መሥሪያ ቤት ፍርሃት የተስማሙበት ውል ነበር። መርሁ በኋላ ነው የመጣው።

ጋዜጦቹም ዝም አላሉም። ሬዲዮ ዜና ካወራ ጋዜጣ ማን ይገዛል? ተጯጩኸው ቢቢሲ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ዜና እንዳያነብ አስከለከሉት። ኖቬምበር 14 ቀን 1922 የዕለት ተዕለት ስርጭት ሲጀመር አርተር ባሮውስ ዜናውን ሁለት ጊዜ አነበበው፣ መጀመሪያ ፈጠን አድርጎ፣ ቀጥሎ ሰው ማስታወሻ እንዲይዝ ቀስ አድርጎ። የትኛውን እንደሚመርጡም አድማጮችን ጠየቀ።

በዲሴምበር ጆን ሪት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገባ። ዕድሜው 33፣ ሙያው ምሕንድስና፣ አባቱ ስኮትላንዳዊ የፕሬስቢቴሪያን ቄስ። ስለ ስርጭት የሚያውቀው ነገር አልነበረም፣ ሰው ምን መስማት እንዳለበት ግን እርግጠኛ ነበር። ዜና አንባቢው ማታ ማታ ባለ ቢራቢሮ ክራባት ሙሉ ልብስ ይልበስ አለ። ማንም በማያየው ሬዲዮ! ኤከርስሊ በፍቺ የወጣው በዚህ ሰው ዘመን ነው።

ትልቁ ፈተና በሜይ 1926 መጣ። የከሰል ማዕድን ሠራተኞችን ደግፈው ሠራተኞች አገር አቀፍ አድማ መቱ። ማተሚያ ቤቶች ስለቆሙ ጋዜጣ ጠፋ፣ ሬዲዮ ብቻ ቀረ። የዜናው ገደብም ተነሣ። በመንግሥት ውስጥ ቸርችል ጣቢያውን እንውረሰው ባይ ነበር። ሪት እንቢ አለ፣ ቢቢሲም አልተወረሰም። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ጀብዱ ይነገራል። ሌላው ጎኑ ግን ይኸው፦ የሌበር መሪ ራምሴ ማክዶናልድ ልናገር ሲል ተከለከለ። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ የእርቅ ጥሪ በሰዓቱ እንዳይተላለፍ ተደረገ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ባልድዊን ግን ከሪት መኖሪያ ቤት ሆኖ ለሕዝብ ተናገረ፣ ሪት ራሱ ንግግሩ ላይ ሐሳብ ጨምሮበታል። በማስታወሻ ደብተሩ ደግሞ መንግሥት ገለልተኛ ነን ብንልም ከልባችን ገለልተኛ እንደማንሆን ያውቃል፣ ይተማመንብናል የሚል ነገር ጽፏል። ከዚህ በላይ ግልጽ ኑዛዜ አላውቅም። በጃንዋሪ 1927 ኩባንያው በንጉሣዊ ቻርተር የሕዝብ ተቋም ሆነ። ነጻነቱን ያገኘው እንደማይጠቀምበት ካሳየ በኋላ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ግን ሞገድ ድንበር አያውቅም። የሪት እሁድ ቀዝቃዛ ነበር፣ ስብከትና ቁም ነገር ያለው ሙዚቃ። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከፈረንሳይ ጠረፍ ሬዲዮ ኖርማንዲ፣ ከሉክሰምበርግ ደግሞ ሬዲዮ ሉክሰምበርግ በእንግሊዝኛ የዳንስ ሙዚቃና የሳሙና ማስታወቂያ መልቀቅ ጀመሩ። እሁድ እሁድ የእንግሊዝ ሠራተኛ ቤተሰብ ጆሮውን ለባሕር ማዶ ሰጠ። በሩን ዘግተህ መስኮቱን ከረሳኸው ይህ ይመጣል።

በውጭ ቋንቋ የሚሰራጨውን አገልግሎት የወለደውም ተፎካካሪ ነው፣ እዚህ ላይ የኛ ታሪክ ይገባበታል። ጣሊያን ከ1934 ጀምሮ ከባሪ ከተማ በዓረብኛ ታሰራጭ ነበር። ኢትዮጵያን ስትወርና ከእንግሊዝ ጋር ስትፋጠጥ የሬዲዮው ምላስ በእንግሊዝ ላይ ይበልጥ ተሳለ፣ በተለይ በፍልስጤም ጉዳይ። ለንደን ተሯሩጣ መልስ አዘጋጀች። ጃንዋሪ 3 ቀን 1938 ቢቢሲ የመጀመሪያውን የውጭ ቋንቋ አገልግሎት፣ ዓረብኛን ጀመረ። በመጀመሪያው ዕለት የዜና ሰዓት ምን ተነበበ መሰላችሁ? እንግሊዞች አንድ ፍልስጤማዊ መስቀላቸው። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በንዴት ጨሰ። ዜና ይነገር ብለው ከፍተው ዜናው ራሳቸውን አገኛቸው። እኔ በቢቢሲ ታሪክ ከ1926 ይልቅ የምወደው ይህን ምሽት ነው። ያ የዓረብኛ ሬዲዮ ከ85 ዓመት በኋላ በጃንዋሪ 2023 ገንዘብ ለመቆጠብ ተዘጋ። አማርኛ፣ ትግርኛና አፋን ኦሮሞ በ2017 ሲጨመሩም የተጀመሩት በድረ ገጽና በፌስቡክ ነው። የዶይቼ ቬለ አማርኛ በ1965 በአጭር ሞገድ እንደጀመረ ለሚያስታውስ፣ ዘመኑ ምን ያህል እንደተገለበጠ ከዚህ ያየዋል።

ጦርነቱን በአጭሩ ልለፈው፣ ብዙ ተብሎበታል። አንድ ነገር ብቻ፦ ከ1940 ጀምሮ ዜና አንባቢዎች ስማቸውን መናገር ጀመሩ። ድሮ ስም አልባ ነበሩ። ጀርመን ብትወርና ጣቢያውን ብትይዝ ሕዝቡ እውነተኛውን ድምፅ ከሐሰተኛው እንዲለይ ነው። ለጥበቃ ተብሎ የተጀመረው ነገር ሳይታሰብ የሬዲዮ ዝነኞችን ፈጠረ።

አሁን ወደ ወንበዴዎቹ፣ ያለ ፈቃድ ወደሚያሰራጩት ጣቢያዎች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ በቢትልስ ሰክራለች፣ ወጣቱ በኪስ የሚያዝ ትራንዚስተር አለው፣ ቢቢሲ ግን ሸክላ የሚያጫውተው በቀን ለተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ለምን? ከሸክላ አሳታሚዎችና ከሙዚቀኞች ማኅበር ጋር ያለው ስምምነት ያስረዋል፤ ማኅበሩ ሸክላ በበዛ ቁጥር የሙዚቀኛው እንጀራ ይቀራል ባይ ነው። በቀረው ሰዓት የቢቢሲ ኦርኬስትራዎች የወቅቱን ዘፈን እንደገና ይጫወቱታል። የቢትልስን ዘፈን በሰርግ ባንድ መስማት አስቡት።

ሮናን ኦራሂሊ የሚባል አየርላንዳዊ ወጣት ለንደን ውስጥ የሚያውቀውን ዘፋኝ ሸክላ የሚያጫውትለት ጣቢያ ፈልጎ አጣ። ሬዲዮ ሉክሰምበርግም ሰዓቱን ለትልልቆቹ አሳታሚዎች ሸጦታል። እንግዲያው የራሴን እከፍታለሁ አለ። አሮጌ የመንገደኞች መርከብ ገዝቶ አባቱ አየርላንድ ውስጥ ባለው ወደብ ላይ አንቴና ተከለበት። በማርች 1964 የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ሬዲዮ ካሮላይን ከእንግሊዝ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ፣ ከአገሪቱ የባሕር ክልል ውጪ ሆኖ ጀመረ። ሚሊዮኖች ተከተሉት። በዲሴምበር ሬዲዮ ለንደን በሌላ መርከብ መጣ፣ ሌሎቹ ደግሞ በጦርነቱ ጊዜ ቴምዝ አፍ ላይ በተሠሩ የተተዉ ምሽጎች ላይ ሰፈሩ። ገንዘብ ሲገባ ጠብም ገባ። በጁን 1966 የሬዲዮ ሲቲ ባለቤት ሬጂናልድ ካልቨርት በተፎካካሪው ኦሊቨር ስሜድሊ ቤት ውስጥ በጥይት ተገደለ። ፍርድ ቤቱ ስሜድሊን ራሱን ሲከላከል ነው ብሎ በነጻ አሰናበተው፣ መንግሥት ግን ሰበብ አገኘ።

ሕጉ አወጣጡ ብልጥ ነው። መርከቡ ከክልል ውጪ ስለሆነ አይነካም። ስለዚህ መርከቡን ትተው ሰዎቹን ያዙ፦ ምግብ የሚያቀብል፣ ነዳጅ የሚጭን፣ ማስታወቂያ የሚሰጥ፣ እዚያ የሚሠራ እንግሊዛዊ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ተባለ። ሕጉ በኦገስት 1967 አጋማሽ ሥራ ላይ ሲውል ሬዲዮ ለንደን በዋዜማው ስንብት አድርጎ ዘጋ። ስድስት ሳምንት አለፈና ሴፕቴምበር 30 ቀን ጠዋት ቢቢሲ ሬዲዮ 1ን ከፈተ። የመጀመሪያውን ፕሮግራም የያዘው ቶኒ ብላክበርን ነበር። ከየት የመጣ? ከወንበዴዎቹ መርከብ። ጆን ፒልም እንዲሁ። ወንበዴውን አባርረው ሥራውንም ሠራተኛውንም ወረሱ። ለዚህ ነው የእንግሊዝ ሬዲዮ የቢቢሲ ውጤት ነው ሲባል የማይዋጥልኝ። ቢቢሲ ሲለወጥ ያየነው ሕግ የጣሰ ሰው አድማጩን ሲወስድበት ነው።

በ1973 ኤልቢሲና ካፒታል የሚባሉ ሕጋዊ የንግድ ጣቢያዎች ለንደን ላይ ተከፈቱ። ወንበዴው ግን አልጠፋም፣ ከባሕር ወደ ፎቅ ወጣ። በ1980ዎቹና 90ዎቹ የለንደን የቀበሌ ፎቆች ጣሪያ በድብቅ የኤፍ ኤም አንቴና ተሞላ። ዘዴያቸው ቆንጆ ነበር። ስቱዲዮው የሆነ ሰው መኝታ ቤት ይሆናል፣ ማሰራጫው ሌላ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ይቀመጣል፣ ሁለቱን በጠባብ የሬዲዮ ጨረር ያገናኟቸዋል። ተቆጣጣሪ መጥቶ ጣሪያውን ቢፈትሽ የሚወስደው ሣጥኗን ብቻ ነው። ሰዎቹም፣ ሸክላዎቹም፣ ስልኩም ሌላ ቦታ ናቸው። በሳምንቱ አዲስ ሣጥን ይሰቀላል። ሬጌ፣ ጃንግል፣ ጋራዥና ግራይም የሚባሉትን የሙዚቃ ዓይነቶች ያሳደጉት እነዚህ ናቸው፣ ብዙዎቹም ቢቢሲ ደጅ ላይ የማይታዩ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ኪስ ኤፍ ኤም በ1985 በወንበዴነት ጀምሮ በ1990 በሕጋዊ ፈቃድ ሥራ ጀመረ። ሪንስ ኤፍ ኤም ፈቃድ ለማግኘት ከ1994 እስከ 2010 ጠበቀ።

ከዚያ በኋላ ያለው አሰልቺ ነው። ቢቢሲ በ1995 ዳብ የሚባለውን ዲጂታል ስርጭት ጀመረ፣ ጣቢያ በዛ፣ ባለቤት ግን አነሰ። ግሎባልና ባወር የሚባሉ ሁለት ኩባንያዎች የአገሬውን የንግድ ጣቢያ አብዛኛውን ጠቀለሉት። የየከተማው ስም እየጠፋ አንድ ስም አገሩን ሁሉ ያዘው። ግሎባል በ2025 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ የቀሩትን የካፒታል፣ የሃርትና የስሙዝ ጣቢያዎች አካባቢያዊ ፕሮግራሞች አጠፋ። ቢቢሲም በ2023 የአካባቢ ጣቢያዎቹን የከሰዓት በኋላ ፕሮግራም አጣምሮ ጋዜጠኞቹ አድማ መቱ። ሁለቱም ሰበባቸው አድማጭ ወደ ኢንተርኔት ሄደ ነው።

አድማጩ ሬዲዮን ግን አልተወም። እንግሊዝ ውስጥ ዛሬም ከአሥር አዋቂ ዘጠኙ ገደማ በሳምንት ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጣል። የተለወጠው መንገዱ ነው። ከ2018 ጀምሮ ከግማሽ በላይ የሚደመጠው በዲጂታል ነው፣ ከዚያ ውስጥ በስልክና በስማርት ስፒከር (በድምፅ በሚታዘዝ፣ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘ ድምፅ ማጉያ) የሚመጣው ድርሻ እያደገ ነው። እና በሩ እዚህ ላይ ነው እጅ የቀየረው። ድሮ ሬዲዮ ገዝተህ ቁልፉን ታዞራለህ፣ በአንተና በጣቢያው መሃል ማንም የለም። አሁን «ሬዲዮ 4 ክፈትልኝ» ስትል የምትጠይቀው አማዞንን ወይም ጎግልን ነው። ያኛው ደግሞ የራሱ ሙዚቃ፣ የራሱ ፖድካስት አለው። ምን እንደሰማህም መዝግቦ ይይዛል፣ ጣቢያው ግን ያንን መረጃ እንደ ልቡ አያገኘውም።

የእንግሊዝ ፓርላማ ነገሩ ገብቶታል። በ2024 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን ሕግ ትልልቆቹ የስፒከር አቅራቢዎች አድማጭ የጠየቀውን ፈቃድ ያለው የእንግሊዝ ጣቢያ እንዲከፍቱ፣ ለዚህም ጣቢያውን እንዳያስከፍሉና ከፊቱ የራሳቸውን ማስታወቂያ እንዳይሰኩ ያስገድዳል። ጥሩ ሕግ ነው። ግን የሚሠራው ስም ጠርተህ ስትጠይቅ ነው። «ዜና አሰማኝ» ወይም «ሙዚቃ ክፈት» ያልከው እንደሆነ የሚመርጥልህ ስፒከሩ ነው።

ቀጣዩ ቀጠሮ ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ነው፣ የቢቢሲ ቻርተር የሚያልቅበት። እስከዚያ ሂሳቡን ማን ይክፈል የሚለው ክርክር ይጦፋል፦ የቴሌቪዥን ፈቃዱ ይቀጥል? ማስታወቂያ ይግባ? የፈለገ በደንበኝነት ይክፈል? ፈቃዱ ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በዓመት 174 ፓውንድ ከ50 ነበር። ሬዲዮ ብቻ የሚሰማ ሰው ከ1971 ወዲህ ምንም አይከፍልም፣ የሬዲዮውን ወጪ የሚችለው ባለ ቴሌቪዥኑ ነው። ደንበኝነት የሚሉት ሰዎች ቴሌቪዥንን እያሰቡ ነው። ሬዲዮ ላይ ሲደርስ ያስቸግራል። ቴሌቪዥን በኮድ ይቆለፋል፣ ሰው ኩሽና ውስጥ ያለው ኤፍ ኤም ወይም ዳብ ሬዲዮ ግን መቆለፊያ የለውም። ያልከፈለውን ለይቶ ማስቀረት የሚቻለው ስርጭቱ በኢንተርኔት ብቻ ሲሆን ነው፣ ያኔ ደግሞ የድሮይትዊች ብቻ ሳይሆን ሌሎቹም ምሰሶዎች መቆማቸው ትርጉም ያጣል።